በሩን የዘጋው ራኩን

ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ። ወጥመዱ ጋ ያሰርነው ካሜራ ፎቶ ልኮ ነው። ገና ሳልከፍተው ደስ አለኝ። ስንጠብቃቸው የነበሩት አሳማዎች ገቡ ብዬ ነው።

ፎቶውን ሳየው በሩ ወርዷል። ውስጥ አምስት ግልገሎች አሉ። ሦስቱ እናቶች ከውጪ ቆመዋል። መሀል ላይ ደግሞ አንድ ራኩን፣ ዓይኑ ዙሪያ ጥቁር ጭምብል ያጠለቀ የሚመስል ትንሽ የአሜሪካ አውሬ፣ ሁለት እጆቹን ሽቦው ላይ አሳርፎ ወደ ካሜራው ያያል።

እርሻው ያለው መሀል ቴክሳስ ነው። ድርቆሽ ይመረትበታል፤ ወንዙ ዳር ፒካን የሚባል የሚበላ ፍሬ የሚሰጡ ዛፎች አሉ። እኔ የተቀጠርኩት አጥርና የውሃ መስመር እንድጠግን ነበር። ግን እዚያ አገር እርሻ ላይ የሚሠራ ሰው ከዱር አሳማ አያመልጥም። መንጋው በአንድ ሌሊት ማሳውን በአፍንጫው ገልብጦት ያድራል። ጠዋት ሲታይ ትራክተር ያረሰው ይመስላል። ጉድጓዱ ወጣ ገባ ስለሆነ ማጨጃው ሲያልፍበት ይጎዳል። አለቃዬ ሰባ ዓመት ያለፋቸው ሰው ናቸው። አንድ ቀን ወደ በረቱ ወሰዱኝና “ከዛሬ ጀምሮ ወጥመዱ ያንተ ነው” አሉኝ።

ወጥመዱ ክብ በረት ነው። 16 ጫማ (አምስት ሜትር ገደማ) ርዝመት ያላቸው የብረት ፍርግርጎች ዙሪያውን ከብረት ችካል ጋር ይታሰራሉ። ክብ የሆነው ያለምክንያት አይደለም። ጥግ ካለው የደነገጡ አሳማዎች እዚያ ይደራረባሉ። ከዚያ አንዱ በሌላው ጀርባ ላይ ተረማምዶ ይዘላል። በሩ ከላይ ወደ ታች የሚወርድ ሲሆን፣ ውስጥ የተዘረጋው ሽቦ ሲነካ ይለቀቃል።

ማባበያውን የማዘጋጀው ራሴ ነኝ። ይህን ሥራ እወደዋለሁ። 5 ጋሎን የሚይዝ ባልዲ ሁለት ሦስተኛው ድረስ በቆሎ ይገባበታል። ውሃው ከበቆሎው በላይ አራት ጣት ያህል ይሆናል። ትንሽ ስኳርና እርሾ ይጨመርበትና ፀሐይ ላይ ይቀመጣል። አምስት ስድስት ቀን ሲሆነው አረፋ ይይዛል። ሽታው መጀመሪያ የጠላ ጥንስስ ይመስላል፤ እየቆየ ግን ሆድ ያገለብጣል፤ ልብስ ከነካ ደግሞ ታጥቦም አይለቅም። ክዳኑን ግጥም አድርጋችሁ እንዳትዘጉ። የመጀመሪያውን ባልዲዬን ዘግቼው ነበር። ጋዙ ክዳኑን ሲያስፈነጥረው ፊቴን ለጥቂት ሳተው።

የኮመጠጠ በቆሎ ጥቅሙ ሽታው ከሩቅ መጥራቱ ብቻ አይደለም። አጋዘን ብዙም አይደፍረውም። ደረቅ በቆሎ ከተበተነ ግን የጫካው እንስሳ ሁሉ ይመጣል። አንዳንድ ሰው ሌላ እንስሳ እንዳይነካው ብሎ በቆሎው ላይ ናፍጣ ያርከፈክፋል። እኔ በፍጹም አላደርገውም። ናፍጣው መሬቱ ውስጥ ይቀራል፤ ዝናብ ሲመጣ ደግሞ ወደ ወንዙ ይወርዳል።

በሩን ክፍት አድርገን አስረን ስምንት ሌሊት አበላናቸው። ካሜራው ላይ ቆጠርኳቸው፤ ሦስት እናቶችና 11 ግልገሎች ናቸው። ግልገሎቹ በሦስተኛው ሌሊት መግባት ጀመሩ። እናቶቹ በሩ ላይ ቆመው ያሸቱና ይመለሳሉ። በስምንተኛው ሌሊት ሁለቱ ገቡ። ሦስተኛዋ እንቢ አለች። አለቃዬ “እሷ እስክትገባ በሩን እንዳታጠምደው” አሉኝ።

እኔ ቸኮልኩ። በዚያው ሳምንት ዶሮ ቤቱን ያስቸገረ ራኩን ስለነበር እሱን ለማጥመድ ማርሽማሎ የሚባለውን ለስላሳ ከረሜላ ገዝቼ ነበር። ለራኩን ማርሽማሎ የሚመረጠው ድመት ስለማይወደው ነው። ሰርዲን ወይም የድመት ምግብ ከተቀመጠ ጠዋት ወጥመዱ ውስጥ የሚገኘው የጎረቤት ድመት ወይም ስከንክ የሚባለው መጥፎ ሽታ የሚረጭ እንስሳ ነው። እኔ ከዶሮ ቤቱ የተረፈውን ማርሽማሎ ጄሎ ከሚባለው ቀይ፣ የእንጆሪ ጣዕም ያለው ጣፋጭ ዱቄት ጋር አሳማ ወጥመዱ ውስጥ፣ እዚያው ሽቦው ሥር በተንኩት። ጣፋጩ ሦስተኛዋን እናት ይስባታል ብዬ ነው። የራኩን ምግብ መሆኑን ከማንም በላይ የማውቀው እኔው ነበርኩ። በሩንም አጠመድኩት። ለአለቃዬ አልነገርኳቸውም።

ራኩን ነገሩን ሁሉ የሚያውቀው በእጁ ዳስሶ ነው። ያገኘውን ይነካካል፣ ይጎትታል። የእኛ ሽቦ ደግሞ ከመሬት አንድ ስንዝር ነበር ከፍታው።

በጨለማ ደረስኩ። ራኩኑ ፍርግርጉን ወጥቶ ሄዷል። ግልገሎቹ ይጮኻሉ። አንዷ እናት ፍርግርጉን ከውጪ በጭንቅላቷ ትደበድባለች። ከመኪናዬ አልወረድኩም። አለቃዬ ሲመጡ የመኪናቸውን መብራት ፈርታ ጫካ ገባች።

አልተቆጡኝም። ጄሎው ያቀላውን መሬት በባትሪ አዩት። አንድ የተረገጠ ማርሽማሎ አነሱ።

“ልጄ፣ ማታ ማንን ነው የጠራኸው?”

መልስ አልነበረኝም። የዱር አሳማን በሕይወት ጭኖ ሌላ ቦታ መልቀቅ በቴክሳስ ሕግ አይፈቀድም። አምስቱን ግልገሎች እዚያው ተኮሷቸው።

የከፋው ግን ከዚያ በኋላ የመጣው ነው። በሩ ሲወርድ ያየች እናት ዳግመኛ በቀላሉ አትታለልም። ስድስት ሳምንት ሙሉ ወጥመዱ አጠገብ አልደረሱም። ማሳውን በሌላ በኩል ገለበጡት። አሳማ እርግዝናዋ ሦስት ወር ከሦስት ሳምንት ከሦስት ቀን ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ አምስት ስድስት ትወልዳለች። ሦስት እናቶች ውጪ መቅረታቸው ምን እንደሚያስከፍል አለቃዬ በድርቆሽ ጥቅል ቆጥረው አስረዱኝ። ያን ቀን ሳስበው እስካሁን ይከብደኛል።

በረቱን ነቅለን ወንዙ ዳር፣ አዲሱ መንገዳቸው ላይ ተከልነው። ሽቦውን ተውነው። በሩ ትይዩ፣ በረቱ መጨረሻ ላይ ሁለት አጫጭር ብረቶች በሰያፍ መሬት ውስጥ መታን። ከሥራቸው ወፍራም ዱላ ሸጎጥን። የበሩ ገመድ ከዱላው ጋር ታሰረ። እዚያው ሥር ጉድጓድ ቆፍረን የኮመጠጠ በቆሎ ሞላንና አፈር መለስንበት። ዱላውን ከብረቶቹ ሥር የሚያወጣው አፍንጫውን ሰዶ መሬቱን በጉልበት የሚገለብጥ እንስሳ ነው። ራኩን ያን ያህል ጉልበት የለውም። ጉድጓዱ ከበሩ መራቁም ይጠቅማል። የመጀመሪያዋ ስትቆፍር የኋለኞቹ የመግቢያ ጊዜ ያገኛሉ።

ለራኩኖቹ ጎተራው ጋ የራሳቸውን ወጥመድ አስቀመጥን። ጠባብ ቱቦ ያለው ነው። ማርሽማሎው ቱቦው ሥር ይገባል፤ ራኩን እጁን ሰዶ ሲጎትት ይያዛል። ውሻ እዚያ ውስጥ እጁን ስለማያስገባ አይነካውም። የቴክሳስ ሕግ ወጥመዱ ቢበዛ በየ36 ሰዓቱ እንዲታይ ያዛል። እኔ ግን ማለዳ ማለዳ ነው የማየው። እንስሳው የሚሞት ቢሆንም እንኳ ቀን ሙሉ መሰቃየት የለበትም።

እንደገና ሁለት ሳምንት አበላን። በሩ ታስሯል። በዚህ ጊዜ የቆጠርኩት የገቡትን ሳይሆን ውጪ የቀሩትን ነበር። አራት፣ ሦስት፣ ሁለት፣ ለብዙ ሌሊት ደግሞ አንድ። ያቺው እናት ናት። እሷም በተከታታይ ሦስት ሌሊት ገብታ ከበላች በኋላ አለቃዬ “አሁን አጥምደው” አሉ።

በዚያ ሌሊት መጀመሪያ የመጣው ራኩን ነው። መሬቱን ዳሰስ ዳሰስ አድርጎ ሄደ። አሳማዎቹ ቆይተው መጡ። በሩ ሲወርድ ሦስቱም እናቶች ጉድጓዱ ላይ አቀርቅረው ነበር። አደግ ያሉት ስድስቱ ልጆችም አጠገባቸው አሉ። ሁለቴ ቆጠርኩና አለቃዬ ጋ ደወልኩ።

“ውጪ ስንት ቀረ?” አሉኝ፣ ገና ሰላም ሳልላቸው።

“አንድም።”

“ጫማዬን ላድርግ” ብለው ስልኩን ዘጉት።