ትል በደርዘን

ሐዋሳ ያደግን ልጆች ትል ገዝተን አናውቅም። ከቧንቧ ሥር ያለውን እርጥብ አፈር በእንጨት ጫር ጫር ማድረግ ነው። የተገኘውን በጣሳ ይዘን ዓሣ ልናጠምድ ወደ ሐይቁ ዳር፣ ወደ አሞራ ገደል እንሮጣለን። አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ አንድ የዓሣ ማጥመጃ መደብር ገብቼ ለአንድ ደርዘን ትል ሃያ ዶላር ገደማ ስጠየቅ በደንብ ያልሰማሁ መሰለኝ። «ለደርዘን ነው ለኪሎ?» አልኩት። ሰውየው ሳቀ፤ ዋጋውን ግን አልነካውም።

ትሉን ብለድወርም ይሉታል፤ የደም ትል እንደማለት ነው። ቆዳው ስስ ስለሆነ የውስጡ ቀይ ፈሳሽ ያሳያል። የሚመጣው ከሜይን ግዛት ነው። ባሕሩ ሲሸሽ ጭቃው ይገለጣል፤ ቆፋሪዎቹ እጀታው አጭር በሆነ መቆፈሪያ፣ ወገባቸውን አጥፈው፣ አንድ በአንድ ይለቅሙታል። ውሃው እስኪመለስ ያላቸው ጥቂት ሰዓት ብቻ ነው። ይህን ካወቅኩ ወዲህ በዋጋው ማጉረምረም ቀንሻለሁ። ጨርሼ አልተውኩም።

የመጀመሪያውን ደርዘን ገና ባሕር ሳልደርስ ገደልኩት። ትሎቹ በባሕር አረም ተጠቅልለው ነበር የተሰጡኝ። ማታ ሳያቸው የደረቁ መሰለኝና አዘንኩላቸው፤ የቧንቧ ውሃ ጨመርኩባቸው። ጠዋት ሳጥኑን ስከፍት ሽታው ከወጥ ቤት አስወጣኝ። ለካ የባሕር ትል ሰውነቱ ጨዋማ ነው። ጨው የሌለው ውሃ ሲያገኘው ወደ ውስጡ እየገባ ያሳብጠውና ይገድለዋል። አሁን ከነአረሙ ፍሪጅ ውስጥ ከታች አስቀምጣለሁ፤ በረዶ ቤት ግን አላስገባም። አረሙ ከደረቀ በባሕር ውሃ ያራስኩትን ጋዜጣ አለብሳቸዋለሁ። የሞተ ካለ ቶሎ ለይቼ እጥላለሁ፤ አንዱ ሲበሰብስ ሌሎቹንም ይዞ ይሄዳል።

ሚስቴ ሳጥኑን ከፍሪጅ ስታወጣ ከምግብ ቤት ያመጣሁላት ነገር መስሏት ከፈተችው። ከዚያ በኋላ የሆነውን አልጽፍም። ብቻ ሳጥኑ ላይ በትልቁ «ምግብ አይደለም» ተብሎ ተጽፏል፤ በእሷ እጅ።

ሁለተኛውን ደርዘን ይዤ ሳንዲ ፖይንት ሄድኩ። ከቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ድልድይ አጠገብ ያለ መናፈሻ ነው። ፈቃድ ቀድሜ አውጥቼ ነበር፤ 16 ዓመት ከሞላችሁ እናንተም አውጡ። አንዱን ትል ስይዘው አፉን ገልብጦ ወደ ውጭ ወረወረው። ጫፉ ላይ አራት ጥቁር ጥርስ አለ። ጥርሱ ውስጥ መዳብ እንዳለ፣ መርዝም እንደሚረጭበት ያወቅኩት ጣቴ ካበጠ በኋላ ነው። ልክ እንደ ንብ ነው የሚለበልበው።

በዚያ ቀን እጄን እያራገፍኩ ሳለ ከጎኔ የቆሙ ሽማግሌ በአማርኛ «ከጭንቅላቱ በታች ያዘው እንጂ!» አሉኝ። ምጽዋ ባሕር ኃይል ያገለገሉ ሰው ናቸው። ጋሼ ብዬ ቀረብኳቸው፤ ዛሬም ድረስ ጋሼ ናቸው።

ዘንጌን አይተው ራሳቸውን ነቀነቁ። በትልቅ መንጠቆ ላይ አንድ ሙሉ ትል ሰክቼ፣ ግማሹ ተንጠልጥሎ እየተወዛወዘ ነበር። ክሩ ጠቅ ጠቅ ይላል፤ ስስበው ባዶ መንጠቆ ይወጣል። ስድስት ትል እንዲህ አለቀ።

«አንተ ልጅ፣ ዓሣውን ልታጠምደው ነው ልትቀልበው?» አሉኝ።

«ትልቅ ሲሆን ትልቅ ዓሣ ይመጣል ብዬ ነው፣ ጋሼ።»

«እዚህ ያለው ዋይት ፐርችና ስፖት ነው። አፉን አይተኸዋል?»

መቀስ አወጡ። ትሉን እርጥብ ጨርቅ ላይ አስተኝተው ጭንቅላቱን ቆረጡ፤ የቀረውን የአውራ ጣት ጥፍር በምታህል ልክ ከታተፉት። ቁጥር 6 የሚባለውን ትንሽ መንጠቆ ሰጡኝ። ቁራጩን እንደ ካልሲ በመንጠቆው ላይ አለበሱት። ሹል ጫፉን ገልጠው ከትሉም ትንሽ ጅራት አስተረፉለት። ሁለት መንጠቆ ከላይ፣ ክሩን ወደ ታች የሚስበው የእርሳስ ክብደት ከታች። «ዓሣው የሚመጣው በሽታው ነው» አሉኝ። «ደሙ ታጥቦ ቁራጩ ከነጣ ጥለህ ሌላ አድርግ። ገንዘብህን የምትቆጥበው እየቆራረጥክ ነው፤ የነጣውን መልሰህ በመወርወር አይደለም።»

አንድ ትል ስድስት ሰባት ጊዜ ያገለግላል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

የቀረኝ ጥያቄ ሰዓቱ ነበር። እሳቸው ሰዓት አያዩም፤ ውሃውን ነው የሚያዩት። ባሕሩ ሲሞላ ወይም ሲጎድል ውሃው ይንቀሳቀሳል፤ የትሉንም ሽታ ይዞ ይሄዳል። ቀጥ ብሎ ሲቆም ጋሼ ቴርሞሳቸውን ከፍተው ሻይ ይቀዳሉ። እኔ ግን ያኔም እወረውራለሁ። ትዕግሥት የለኝም።

የሐዋሳውን ዓይነት የመሬት ትልም ሞክሬያለሁ። ውሃው ጨው በማይበዛበት ወንዝ አፍ ላይ ፐርች ይበላዋል፤ ወደ ባሕሩ ስንቀርብ ግን ቶሎ ይልመሰመሳል። በትል ጣዕም የተሠራ ሰው ሠራሽ ማባበያም አለ። ፍሪጅ አይፈልግ፣ አይነክስ። እውነተኛው ሲጠፋ ይሆናል፤ እኔ ግን አልወደድኩትም። ሮክፊሽ የሚሉትን ጎኑ ባለመስመር ትልቅ ዓሣ የምትፈልጉ ደግሞ ሜሪላንድ በትል ስታጠምዱ ክብ መንጠቆ እንደምታስገድድ አትርሱ። ዓሣው ውጦት ሆዱ ውስጥ እንዳይሰካ ነው።

በዚያው ቀን ውሃው መጉደል ሲጀምር፣ ፀሐይም ስታዘቀዝቅ፣ አሥራ አንድ ፐርች አወጣሁ። ቤት ገብቼ ቅርፊቱን ፋቅኩ፤ እንደ ሐዋሳው ጎንና ጎኑን በቢላ ተልትዬ በዘይት ጠበስኩት። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለእናቴ ትቼዋለሁ፤ ዕለቱ ደግነቱ ቅዳሜ ነበር። ሚስቴ ሎሚና ሚጥሚጣ አቀረበች። ሦስተኛውን ዓሣ አጥንቱ እስኪቀር ከጨረሰች በኋላ ወደ ፍሪጁ ዞር ብላ አየች።

«ስንት ትል ተረፈህ?» አለችኝ።