ዜና አንባቢዋ ከእንስራ የወጣችበት ማታ

እኛ ቤት፣ ድሬዳዋ ሳቢያን ሰፈር፣ በእጄ የምሠራው የድምፅ ማጉያ ሳጥን (ስፒከር) የሚፈተሸው ማታ ነው። ቀን በድሬ ሙቀት ቬንትሌተር አይጠፋም፤ የእሱ ሹሹታ ደግሞ እኔ የምፈልገውን ረቂቅ ድምፅ ይውጠዋል። ከምሽቱ ሦስት ሰዓት በኋላ ትንሽ ነፈስ ሲል አጠፋውና እቀመጣለሁ።

ሳጥኑ ውስጥ ለወፍራም ድምፅ የሚሆን አንድ ስድስት ተኩል ኢንች ዉፈርና ለቀጭን ድምፅ የሚሆን አንድ ኢንች ትዊተር አሉ። ካፓሲተር ወፍራሙን ድምፅ ከትዊተሩ ያግዳል፤ ኮይል፣ ማለትም የሽቦ ጥቅልል፣ ቀጭኑን ከዉፈሩ ያግዳል። መለያያውን፣ ማለትም ድምፁ ለሁለቱ የሚከፈልበትን ነጥብ፣ 2,500 ሄርዝ ላይ አደረግሁት። ሊንክዊትዝ ራይሊ በሚባለው፣ በየኦክታቩ (ሄርዙ እጥፍ ወይም ግማሽ በሆነ ቁጥር) 12 ዴሲቤል በሚቆርጠው ስሌት፣ ለ8 ኦም ድምፅ ማጉያ 4 ማይክሮፋራድ ካፓሲተርና 1 ሚሊሄንሪ ኮይል ይመጣል። ኮይሎቹን በእጄ ጠመጠምኳቸው፦ አንድ ሚሊሜትር ውፍረት ያለው የሞተር ሽቦ፣ 30 ሚሊሜትር ስፋት ባለው ቱቦ ላይ፣ ወደ 190 ዙር። አብዝቶ ጠምጥሞ ሚሊሄንሪውን በመለኪያ መሣሪያ እየለኩ መፍታት ይሻላል። ሁለቱን ኮይሎች ጎን ለጎን አታስተኟቸው፤ አንዱ ተኝቶ ሌላው ይቁም፣ አለዚያ አንዱ የሌላውን ሞገድ ይስባል።

መጀመሪያ የሰማችው እማዬ ናት። የማታ ዜና ከፈትኩላት። ጥቂት አዳመጠችና «ልጄ፣ ይቺ ሴትዮ እንስራ ውስጥ ገብታ ነው እንዴ የምታወራው?» አለችኝ።

ልክ ነበረች። ይህ የሊንክዊትዝ ራይሊ አሠራር መለያያው ነጥብ ላይ ሁለቱን ድምፅ ማጉያዎች በ180 ዲግሪ ያለያያቸዋል፤ አንዱ ሲገፋ ሌላው ይስባል፣ ይጠፋፋሉ። እኔ ሁለቱንም ፕላስ በፕላስ ነበር ያገናኘሁት። የሰው ንግግር የሚለይበት ቦታ ላይ ጉድጓድ ቆፍሬ ነበር ማለት ነው። የትዊተሩን ሁለት ሽቦ አገላብጬ በየድኩት። ሴትዮዋ ወጣች!

ከዚያ ወዲህ ይህንን ስህተት ሆን ብዬ ለመፈተሻ እጠቀምበታለሁ። ሽቦውን መልሼ አገለብጥና ከስልኬ የ2,500 ሄርዝ ድምፅ እለቃለሁ፤ አንድ ሜትር ርቄ ጆሮዬን በትዊተሩ ቁመት ልክ አደርጋለሁ። ድምፁ ሊጠፋ ከደረሰ፣ ወደ ትክክለኛው ስመልሰው ሁለቱ በደንብ ይደመራሉ። በከፊል ብቻ ከቀነሰ ገና የሚስተካከል ነገር አለ።

የእኔው በከፊል ነበር የቀነሰው። እማዬም በማግስቱ «አሁን ደግሞ ጉንፋን ይዟታል» አለች። ጥፋቱን ለማግኘት ሁለት ሌሊት ፈጀብኝ። ዉፈሩ ጀርባ ላይ 8 ኦም ተጽፏል፤ በቴስተር ሲለካ 5.8 ነው፤ የራሱ መጠምጠሚያ 0.7 ሚሊሄንሪ ስላለው ደግሞ 2,500 ሄርዝ ላይ ከ12 ኦም ያልፋል። ለ8 የተሰላ ማጣሪያ 12 ሲገጥመው በመቁረጥ ፈንታ መለያያው አካባቢ ያብጣል። መድኃኒቱ የዉፈሩ ኦም እንዳይወጣ የሚይዘው፣ ዞቤል የሚሉት ነው፦ 6.8 ኦም ሬዚስተርና 15 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር ተከታትለው፣ በዉፈሩ ሁለት እግሮች ላይ። በጣም ርካሽ ነው፤ ከሠራሁት ሁሉ ግን የዚህን ያህል ለውጥ ያመጣ የለም። ውድ ካፓሲተር ከማሳደዳችሁ በፊት እባካችሁ ይህንን አስገቡ።

ትዊተሩም ትንሽ ይጮህ ነበር፤ በ2.2 እና በ22 ኦም ሬዚስተር 3 ዴሲቤል ያህል አወረድኩት። እዚህ ላይ የምተማመነው በፊደላችን ነው። «ሰ» ካፏጨ ትዊተሩ በዝቷል፤ «ጸ»ና «ጨ» ከደነዘዙ አንሷል። «ጸሎት»፣ «ሰላሳ»፣ «ጨረቃ» እያልኩ በስልኬ የቀዳሁት የራሴ ድምፅ አለ፤ ከየትኛውም ሙዚቃ ቀድሜ የማጫውተው እሱን ነው።

ትናንት ማታ እማዬ ዜናውን እስከ መጨረሻው ሰማች። ስለ ድምፁ አንድ ቃል አላለችም፤ ስለ ዝናቡ ትንበያ ነው ያወራችኝ። ለሁለተኛው ሳጥን አንድ ኮይል ይቀረኛል፤ ሽቦው ጠረጴዛው ላይ ነው።