10 ሜትር ጅማ ላይ የት ይገኛል?

ጅማ ውስጥ ካፌና ግሮሰሪ ቤት ማጨስ መከልከሉን በአፉ የሚቃወም ሰው ማግኘት ከባድ ነው። አጫሹ ራሱ "ልክ ነው፣ ሕፃናት አሉ" ይላል፤ እንዲህ ሲልም ሲጋራው በእጁ ሊሆን ይችላል። ይህን አይተው ሕዝቡ ግንዛቤ የለውም የሚሉ ባለሙያዎች አሉ። እኔ አልስማማም። ሰው ሕጉን ያውቀዋል፣ ይደግፈዋልም፤ የቤቱ ባለቤት የሚያመነታው፣ እሱ ሲከለክል ጎረቤቱ ቢፈቅድ ኪሳራው ለእሱ ብቻ እንዳይተርፍ ነው።

ሕጉ በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 ነው። ሕዝብ በሚገለገልበት ዝግ ቦታ፣ በሥራ ቦታና በሕዝብ ትራንስፖርት ማጨስ ጨርሶ አይፈቀድም፤ ለአጫሾች ለብቻ ክፍል ማዘጋጀትም መፍትሔ አይደለም። ደጅ ላይ ቢሆንም ከበር፣ ከመስኮትና ከአየር ማስገቢያ 10 ሜትር መራቅ ግድ ነው። ዕድሜው 21 ላልሞላ ሰው ሲጋራም አልኮልም አይሸጥም።

ጣጣው ያለው 10 ሜትሩ ላይ ነው። የጅማው መርካቶ አካባቢ ቤቱ ሁሉ ግድግዳ ለግድግዳ ተያይዟል። አንድ የሱቅ ፊት 4 ሜትር ቢሆን፣ ከካፌው በር ተነስቶ 13 እርምጃ ያህል የተራመደ አጫሽ የሚቆመው ሦስተኛው ጎረቤት ደጃፍ ላይ ነው። እዚህ ሕግ አከበረ፣ እዚያ ጣሰ። በረንዳውማ ከበሩ ስለማይርቅ ጨርሶ አይታሰብም፤ ሆኖም ጅማ ላይ ዝናቡ ሲወርድ ሁሉም የሚጠለለው እዚያው ነው።

ስለዚህ የቤቱ ባለቤት ያለው ምርጫ ጓሮው ነው። ከጓሮ በሩ፣ ከወጥ ቤቱ መስኮትና ከመጸዳጃ ቤቱ ማናፈሻ ለየብቻ በሜትር ይለካ፤ ከአንዱ ቢርቅ ለሌላው ይቀርባልና። የጎረቤት ሱቅ መስኮትም ይቆጠራል። ቦታው ካልተገኘ "እዚህ ማጨሻ የለም" ብሎ መጨረስ ነው። ቬንትሌተር ገዝቶ መስቀል ገንዘብ ማባከን ነው፤ ጭሱን ከአንዱ ጠረጴዛ ወደ ሌላው ያዞረዋል እንጂ አያወጣውም።

ከሁሉ በፊት መነሳት ያለበት ግን መተርኮሻው ነው። ግድግዳው ላይ "ማጨስ ክልክል ነው" ተብሎ ጠረጴዛው ላይ መተርኮሻ ከተቀመጠ፣ ደንበኛ የሚያምነው ጠረጴዛውን ነው። ማስታወቂያው በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ ሆኖ ከመግቢያው በር ላይ፣ በዓይን ትክክል ይለጠፍ፤ ከካውንተር ጀርባ ከጠርሙስ ጋር ሲደረደር ማንም አያየውም። አስተናጋጇ ምን እንደምትል አስቀድማ ትወቅ። "ጋሼ፣ ይቅርታ፣ እዚህ ቤት አይጨስም፤ ቅጣቱ እኛም ላይ ይመጣል" ማለት ይበቃል። እምቢ ካለ ቀጣዩ ትእዛዝ አይቀርብለትም፣ ባለቤቱ ይጠራል። ልጅቷን ሞቅ ካለው ደንበኛ ጋር ብቻዋን ማፋጠጥ ግን ነውር ነው።

ጫት ቤት ሲደረስ ነገሩ ይከራል። አዋጁ ጫትን አይከለክልም፤ ጫት ለጅማ ዙሪያ ገበሬ የዕለት ገንዘብ ነው። ግን ሰው ተቀጥሮ የሚያስተናግድበት ጫት ቤት የሥራ ቦታ ነውና የማጨስ ክልከላው ይመለከተዋል። በርጫው መስኮት ተዘግቶ፣ ዕጣን ተጭሶ፣ ሲጋራ በሲጋራ ላይ እየተለኮሰ ሰዓታት ይሄዳል፤ ምርቃና የያዘውን ሰው "ተነስና ጓሮ ሂድ" ማለት ቀላል አይደለም። ተቆጣጣሪው ሲገባ ቤቱ ሁሉ የሚጠረጥረው "ዛሬ ሲጋራ፣ ነገ ጫት" ብሎ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር "የመጣነው ለጫቱ አይደለም" የሚል ይሁን። ይህ ሳይባል የተጀመረ ቁጥጥር ጠብ ሆኖ ያርፋል።

የሲጋራ ግብሩም የራሱ ሐሜት አለው፤ "ለጤናችን አስበው ሳይሆን ገንዘብ ፈልገው ነው" ይባላል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ በሲጋራ ላይ 30 በመቶ፣ በዚያ ላይ 20 ፍሬ ለሚይዝ ፓኮ 8 ብር ጣለ። ለአንድ ፍሬ ሲካፈል ቁርጡ ታክስ 40 ሳንቲም ነው። ሐሜቱ ቢኖርም ዋጋ ሲጨምር የሚያጨሰው ሰው እንደሚቀንስ በብዙ አገር የታየ ነው። ችግሩ እንዲህ ያለ ቁርጥ ታክስ የኑሮ ውድነቱን ተከትሎ ካላደገ በየዓመቱ መርከሱ ነው። ከሱቅ በደረቴ በፍሬ የሚገዛ ወጣት ደግሞ ከፓኮው ፊትና ጀርባ 70 በመቶ የሚሸፍነውን የማስጠንቀቂያ ሥዕል አያይም፤ የሚያየው ማስቲካና ሶፍት የተደረደረበትን ሣጥን ነው። ዕድሜውንም የሚጠይቀው የለም።

ከጨው ጋር ሲተያይ ልዩነቱ ይገርማል። ለእንቅርት መከላከያ ጨው አዮዲን እንዲገባበት በ2003 ዓ.ም. ደንብ ሲወጣ የተጨቃጨቀ ሰው የለም ማለት ይቻላል፤ ሥራው የሚያልቀው ፋብሪካ ላይ ነዋ! ለቤት የቀረው ጨውን በክዳን ዕቃ ከምድጃ አርቆ ማስቀመጥና ወጡ ሊወጣ ሲል መጨመር ነው፤ አዮዲኑ በሙቀትና በእርጥበት ይጠፋል።

ወደ ሲጋራው ስንመለስ፣ ቁጥጥሩ የሚወድቅበት ምክንያት ሰዓቱ ነው። ተቆጣጣሪ የሚወጣው በቢሮ ሰዓት፣ ጠዋት 4 ሰዓት ላይ ነው፤ ያኔ ግሮሰሪው ወለል እየተጠረገ ነው። ጭሱ ያለው ከምሽቱ 2 እስከ 5 ሰዓት፣ በተለይ ከበርጫ የወጣው ሰው ለጨብሲ፣ ማለትም ምርቃናውን በመጠጥ ሊሰብር ሲገባ ነው። ሁለተኛው ስህተት አንድ ቤት ለይቶ መቅጣት ነው። የተቀጣው ሲከለክል ደንበኛው ተነስቶ አጥር ከሚያዋስነው ቤት ይቀመጣል፤ በሳምንቱ ባለቤቱ መተርኮሻውን መልሶ ያወጣል። በአንድ ምሽት የመንገዱን ሁለቱንም ጎን፣ የዘመድንም የባለሥልጣንንም ቤት ሳይዘሉ መዞር፣ የመጀመሪያውን ዙር በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ መጨረስ፣ በዚያው ሳምንት ሳይነገር ተመልሶ ያልሰማውን መቅጣት ይሻላል። ባጃጆቹንም አብሮ ማየት ነው፤ ተሳፋሪ እየጠበቀ ውስጥ ተቀምጦ የሚያጨስ ሾፌር "ባዶ ነው" ቢልም፣ ባጃጁ የሕዝብ ትራንስፖርት ነው፣ ጭሱም መቀመጫው ጨርቅ ውስጥ ይቀራል።