የዲኤክስን የፊት እግር በግቢ ውስጥ ስለመጠገን

ቶዮታ ዲኤክስ መኪናዬ ባለፈው ክረምት ማብቂያ ላይ፣ ከአራት ኪሎ ወደ ቤቴ በሚያስገባው የኮብልስቶን መንገድ ስታልፍ፣ ከፊት ቀኝ እግሯ ደረቅ ኳኳታ ታሰማ ጀመር። ያሳየኋቸው የጋራዥ ሠራተኞች መኪናዋን እንኳ ሳያነሡ ሁለቱም የፊት ሾካሶርበሮች መቀየር አለባቸው አሉኝ፤ የጠየቁኝ ገንዘብ ከወር ደመወዜ ስለሚበልጥ፣ ከመክፈሌ በፊት ራሴ መመርመር ነበረብኝ።

የመኪናን ክብደት የሚሸከመው ሞላው ነው፤ የሾካሶርበሩ (በአጭሩ የሾኩ) ሥራ የሞላውን መወዛወዝ ማብረድ ነው። የፓራፋንጎውን (ከጎማው በላይ ያለውን ቆርቆሮ) ጫፍ በኃይል ተጭኜ ስለቀው መኪናዋ አንድ ጊዜ ብቻ ተነሥታ ረጋች፤ በሾኩም ላይ ዘይት የፈሰሰበት ምልክት አልነበረም። ይህ ብቻውን ሾኩ ጤነኛ ነው ባያሰኝም፣ ኳኳታውን ሌላ ቦታ እንድፈልግ አደረገኝ።

በክሪክ አንሥቼ ካቫሌቶ (የብረት መደገፊያ) ካስደገፍኳት በኋላ (በክሪክ ብቻ ከቆመ መኪና ሥር ፈጽሞ አይገባም) ረጅም ብረት በብራቾው (የፊት እግሩን ከመኪናዋ አካል ጋር በሚያያይዘው የብረት ክንድ) እና በሻንሲው (በመኪናዋ የብረት አጽም) መካከል ሰክቼ ስፈለቅቅ፣ ብራቾው ወዲያና ወዲህ ተንቀሳቀሰ። በብራቾው መጋጠሚያ የሚገባው ጎሚኒ (በውስጡ የብረት ቀለበት ያለው የጎማ ትራስ) ዙሪያውን ተሰነጣጥቋል፤ በአንድ ወገን ጎማው ፈጽሞ አልቆ፣ ብረት ከብረት የተፋተገበት ቦታ እንደ መስተዋት ያበራል።

አሮጌውን ይዤ የመኪና ዕቃ ወደሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ሄድኩና የውስጥ ቀለበቱን ስፋት እያመሳከርኩ የሁለቱንም ጎን ጎሚኒዎች ገዛሁ፤ ዋጋቸው ለአንድ ሾክ ከተጠየቅኩት እጅግ ያንስ ነበር። በመዶሻ መቀጥቀጥ ብራቾውን ስለሚያጣምም፣ የማስወጣቱንና የማስገባቱን ሥራ ፕሬስ (በኃይል የሚጫን መሣሪያ) ላለው ቶርኖ ቤት ሰጠሁ።

መልሼ ስገጥም የብራቾውን ብሎን አጥብቄ ልጨርሰው ስል፣ ጡረታ የወጡት መካኒክ ጎረቤታችን ከአጥር ወዲያ ሆነው «ልጄ፣ አሁን እንዳታጠብቀው፤ መጀመሪያ መኪናዋ መሬት ትርገጥ» አሉኝ። ምክንያቱን ያስረዱኝ ወደ ግቢዬ ገብተው ብራቾውን በእጃቸው ከፍና ዝቅ እያደረጉ ነው። የጎሚኒው ጎማ ከውስጥ ቀለበቱ ጋር የተጣበቀ በመሆኑ የሚሠራው በመጠማዘዝ ነው፤ እግሩ ተንጠልጥሎ ሳለ ብሎኑ ከተጠበቀ፣ መኪናዋ ስትወርድ ጎማው ሁልጊዜ እንደተጠማዘዘ ይቆይና ገና በአጭር ጊዜ ይቀደዳል። ስለዚህ ብሎኑን በእጅ ብቻ አስይዤ የመኪናዋን የፊት ጎማዎች በወፍራም ጣውላዎች ላይ አሳረፍኩ፤ የፊቱን ክፍል ሁለት ሦስት ጊዜ ተጭኜ ካወዛወዝኩ በኋላ ከሥር ገብቼ አጠበቅኩት። አሮጌዎቹ ጎሚኒዎች ያለቁት ቀድሞ በዚህ ስሕተት ይሆናል ብዬ እጠረጥራለሁ።

ሞላውን ግን አልነካሁትም። የታመቀ ሞላ ያለ መጭመቂያ መሣሪያ አምቆ የያዘው የላይኛው ዳዶ ከተፈታ ሰው ሊገድል ይችላል፤ ለዚህ ሥራ ገንዘብ መቆጠብን ማንንም አልመክርም።

በማግስቱ ብራቾው ስለተፈታ የጎማ አላይመንት (የጎማዎቹን አቅጣጫ ማስተካከል) አስደረግኩ። ከሁለት ሳምንት በኋላ በዚያው ኮብልስቶን ላይ መስኮቱን ከፍቼ ሳዳምጥ፣ ከቀኝ እግሯ ምንም አልተሰማም፤ ብሎኑንም ስፈትሸው አልላላም ነበር።