ከሐይቅ ዳር ወደ ጨው ውሃ፦ ሙላቱን አስልቶ መግባት

ከደሴና ከኮምቦልቻ በባቲና በሚሌ አድርገን ለእረፍት ወደ ጅቡቲ የምንወርድ የመንጠቆ ወዳጆች፣ በታጁራ ባሕረ ሰላጤ ዳር እግር ነክሮ ማጥመድ ላይ አሁን ጥሩ ደረጃ ደርሰናል። ለውጡን ያመጣው የዕቃ ብዛት አይደለም። የባሕሩን ሙላትና ጉድለት አስልቶ መግባት ነው፤ ይህን በኩራት እጽፋለሁ። እኛ ደገኞች ይህን የምንለማመድበት ውሃ አጠገባችን የለም። የሐይቅ ከተማው ሐይቃችን መውጫ የሌለው ነው፤ ከፍ የሚለው ክረምት ሲዘንብ፣ ዝቅ የሚለው በጋው ሲበረታ ነው። ባሕሩ ግን አብዛኛውን ቀን ሁለት ጊዜ ሞልቶ ሁለት ጊዜ ይጎድላል።

ዕቃውን ባጭሩ ልለፈው። ከ2.7 እስከ 3 ሜትር ዘንግ፣ ጨው የሚችል 4000 ቁጥር ሪል (ክሩ የሚጠቀለልበት ማሽን)፣ 9 ኪሎ የሚሸከም የተገመደ ክር 200 ሜትር፣ ጫፉ ላይ 14 ኪሎ የሚችል ወፍራም ናይለን ሜትር ተኩል። ማባበያው ከ20 እስከ 40 ግራም ብረት ይሁን። ባራኩዳ የሚባለው የባሕር ዓሣ ጥርስ ክር ስለሚበጥስ ከማባበያው በላይ ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ሽቦ ግድ ነው። ውርወራውና ቋጠሮው እዚሁ ሐይቅ ዳር ይለመዳል፤ ቆሮሶ ባይያዝም እጅ ይፈታል። ጊዜው ከኅዳር እስከ የካቲት ነው። በክረምቱ የትምህርት ቤት እረፍት መሄድን አልመክርም፤ ያኔ ጅቡቲ ላይ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። የሙላት ሠንጠረዥ ስልክ ላይ ይገኛል፤ ሰዓቱ ግን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። 05:40 ካለ ለእኛ ከሌሊቱ 11:40 ነው። አገሮቹ አንድ የሰዓት ቀጠና ላይ ስለሆኑ ሌላ ማስተካከያ የለም። ሰዓቱ በየቀኑ 50 ደቂቃ ያህል ስለሚገፋ የትናንቱን ይዞ መግባት አይቻልም። ጨረቃ ሙሉ ስትሆንና አዲስ ስትወለድ በሙላትና በጉድለት መካከል ያለው ልዩነት ይሰፋል፣ ግማሽ ስትሆን ይጠባል። ለጀማሪ የግማሽ ጨረቃን ሳምንት እመርጣለሁ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ውሃው እኩል እኩል የሚጨምር መስሎት ነው። ለስሌት እንዲመች ልዩነቱን 2.4 ሜትር እናድርገው። ሙላቱ ስድስት ሰዓት ገደማ ሲፈጅ፣ በመጀመሪያው ሰዓት 20 ሳንቲ ሜትር፣ በሁለተኛው 40፣ በሦስተኛውና በአራተኛው 60፣ 60፣ በአምስተኛው 40፣ በስድስተኛው 20 ይጨምራል። ግምት ነው፤ የቀኑ ሁለት ሙላቶች እኩል ስላልሆኑ የምትገቡበትን ጉድለትና ቀጥሎ የሚመጣውን ሙላት ራሱን አንብቡ። ነፋስ ከባሕር ወደ የብስ ከነፈሰ ደግሞ ውሃው ሠንጠረዡ ካለው በላይ ይወጣል።

አደጋው ከፊት አይደለም፣ ከኋላ ነው። አሸዋው ወደ ውስጥ ገብቶ እንደገና ከፍ የሚልበት ቦታ ላይ ቆሞ መወርወር ደስ ይላል፤ በእናንተና በዳርቻው መካከል ግን ቦይ አለ። ውሃው ጎድሎ በቆመበት ሰዓት ቦዩ 50 ሳንቲ ሜትር፣ ማለትም ጉልበት ድረስ ነበር እንበል። ከአንድ ሰዓት በኋላ 70፣ ከሁለት ሰዓት በኋላ 110፣ ከሦስት ሰዓት በኋላ 170 ይሆናል። የቆማችሁበት ቦታ ግን በሁለተኛው ሰዓት ገና ከጉልበት በታች ሊሆን ይችላል፤ የሚያታልለውም ይኸው ነው። ስለዚህ ሊጎድል አንድ ሰዓት ሲቀረው ግቡ፣ ቦዩን ስትሻገሩ በዘንጉ እጀታ ለኩት፣ ውሃው መዞር ከጀመረ ከአንድ ሰዓት በኋላ ወደ ዳር ተመለሱና የቀረውን ከየብስ ወርውሩ። ዓሣውም ትናንሾቹን እያሳደደ ከሙላቱ ጋር ወደ ዳር ስለሚጠጋ የምታጡት ነገር የለም። «ዓሣው ሲበላ አይወጣም» የሚለውን ምክር ፈጽሞ አልቀበልም።

ባዶ እግር አይገባም፤ ወፍራም ሶል ያለው ጫማ ይደረግ። እግርን ሳታነሱ አሸዋውን እየገፋችሁ ተራመዱ፤ አሸዋ ውስጥ የተኛው ስቲንግሬይ (ጅራቱ ላይ መርዛማ እሾህ ያለው ጠፍጣፋ ዓሣ) ንዝረቱን ሰምቶ ይሸሻል። ድንጋይ የሚመስለው፣ ጀርባው ላይ መርዛማ እሾህ ያለው ስቶንፊሽ ግን አይሸሽም፤ ስለዚህ ድንጋያማውንና ኮራል ያለበትን ቦታ አትርገጡ። የአንዳቸው እሾህ ከወጋ ቁስሉ 45 ዲግሪ በሚደርስ፣ ባልተጎዳ እጅ ተሞክሮ በማያቃጥል ሙቅ ውሃ ከ30 እስከ 90 ደቂቃ ይነከርና ቶሎ ወደ ሆስፒታል ይኬድ።

ሪሉን ዕለቱን እጠቡት፣ ደሴ እስክትደርሱ አታቆዩት። መጀመሪያ ፍሬኑን (ዓሣ ሲስብ ክሩ የሚለቀቅበትን ልክ የሚወስነውን) አጥብቁ፣ በጨው አልባ ውሃ ቀስ ብላችሁ አንጠባጥቡበት፤ በኃይል የሚረጭ ውሃ ጨውን ወደ ውስጥ ይገፋዋል። ከደረቀ በኋላ ፍሬኑን አላሉት፣ የሚዞሩት ቦታዎች ላይ አንድ አንድ ጠብታ ዘይት አድርጉ። የክሩ የመጀመሪያ 50 ሜትርም ጨው ስለሚይዝ ተፈትቶ ይታጠብ።