አንድ አድራሻ፣ ሦስት ነዋሪ

እ.ኤ.አ. በ1982 የወጣው የቤት ኮምፒውተር ኮሞዶር 64 ሲበራ፣ በሰማያዊው ስክሪን ላይ የማይታረቁ የሚመስሉ ሁለት ቁጥሮች በአንድ መስመር ይወጣሉ፤ አንዱ 64 ኪሎባይት ራም (የሚጻፍበትም የሚነበብም ማህደረ ትውስታ) አለኝ ይላል፣ ሌላው ቤዚክ ለተባለው የፕሮግራም ቋንቋ የቀረው 38911 ባይት ነው ይላል። ከ26 ሺህ በላይ ባይት የት ገባ? ስክሪኑ አልዋሸም።

የማሽኑ ፕሮሰሰር 6510 አሥራ ስድስት የአድራሻ መስመሮች ስላሉት ከ65536 በላይ አድራሻ መጥራት አይችልም፤ ይህን ቁጥር ደግሞ ራሙ ብቻውን ይጨርሰዋል። ሆኖም 20 ኪሎባይት ሮም (የሚነበብ እንጂ የማይጻፍበት ማህደረ ትውስታ)፣ እንዲሁም የምስልና የድምፅ ቺፖቹ ቦታ ይፈልጋሉ። ስለዚህ መሐንዲሶቹ አንዱን በሌላው ላይ ደረቡና፣ ፕሮሰሰሩ አንድ አድራሻ በጠራ ቁጥር ማን እንደሚመልስ ፒኤልኤ የሚባል ቺፕ እንዲወስን አደረጉ። ከ53248 እስከ 57343 ባለው ክልል ራም፣ የፊደላት ቅርጽ የያዘው ሮምና የቺፖቹ ሬጅስተሮች (ቺፖቹ የሚታዘዙባቸው ቦታዎች) በአንድ ቁጥር ይኖራሉ። ውሳኔው የሚታዘዘው በአድራሻ 1 በኩል ነው፤ በዚያ ያለውን 55 በ54 ስንተካ ቤዚክ ሮም ይሰወርና ከ40960 ጀምሮ ያለው 8 ኪሎባይት ራም ይገለጣል። እኔን ከሁሉ የሚያስደንቀኝ ግን ሮም በሚነበብበት አድራሻ ላይ ብንጽፍ፣ ጽሑፉ ከሥር ካለው ራም ላይ ማረፉ ነው።

አክሰለሬተር፣ ማለትም ማሽኑን ለማፍጠን የሚሰካ መሣሪያ፣ የሚቸገረው ይህን ድርብርብ ሲነካ ነው። የክሪኤቲቭ ማይክሮ ዲዛይንስ ሱፐርሲፒዩ በ20 ሜጋኸርትዝ የሚሠራ 65816 ፕሮሰሰርና የራሱ ፈጣን ራም ስላለው፣ ማንበብና ማስላት ይበርለታል። ነገር ግን የምስል ቺፑ ቪክ ሥዕሉን የሚያነበው ከአሮጌው ራም ነው፤ በዚያ ማሽን ውስጥ ደግሞ ቪክና ፕሮሰሰሩ ወደ ራሙ የሚወስደውን መስመር በየተራ ስለሚጠቀሙ ፍጥነቱ ከ1 ሜጋኸርትዝ ገደማ አያልፍም። ስለዚህ ስክሪን ላይ መታየት ያለበት ሁሉ ወደ አሮጌው ራምም መገልበጥ አለበት፤ ፕሮግራመሩ የሚገለበጠውን ክልል ባጠበበ መጠን መጠበቁ ይቀንሳል። ቺፖቹን መንካት ግን ሁልጊዜ በአሮጌው ፍጥነት ነው።

ይህን በዓይን ለማየት፣ የስክሪኑን ጠርዝ ቀለም በያዘው አድራሻ 53280 ያለውን ቁጥር ያለማቋረጥ በአንድ የሚጨምር ባለ ሁለት ትእዛዝ ፕሮግራም ይበቃል፤ ጠርዙ ላይ የሚሰለፉት ባለ ቀለም መስመሮች ሱፐርሲፒዩ ሲሰካ ያጥራሉ፣ ሃያ እጥፍ ግን አያጥሩም።