ምንም አይልም ሲሉኝ

ልጅ ሆኜ ገጣጣ ነበርኩ። ያን ያህል የከፋ እንኳን አልነበረም፣ የላይኛዎቹ ሁለቱ ወጣ ብለው ከንፈሬ አልገጥም ይላል እንጂ፣ ግን ለሚያሾፍ ሰው እሱ ይበቃዋል። ክፍል ውስጥ ተራ በተራ ድምፅ አውጥታችሁ አንብቡ ሲባል የኔ ተራ እስኪደርስ ሆዴ ይገለባበጣል፣ መልሱን እያወቅኩ እጄን አላወጣም፣ ሲያስቁኝ ደግሞ እጄ ሳላዘው አፌ ላይ ነው። ፎቶማ ተዉት! ከንፈሬን ጥርሴ ላይ ጎትቼ ለመግጠም መስታወት ፊት ተለማምጄበታለሁ፣ አገጬ እስኪጨማደድ ድረስ ነበር የምጨምቀው።

ቤት ስናገር መልሱ ያው "አንቺ እኮ ምንም የለብሽም" ነው። ከፍቅር እንደሆነ አይጠፋኝም፣ ግን ብቻዬን ያስቀረኝ እሱ ነው፣ ምንም ከሌለብኝ ችግሩ ጭንቅላቴ ነው ማለት ነዋ።

በኋላ ሳነብ ግን ነገሩ የኔ ብቻ እንዳልሆነ ገባኝ። ፊቱ ላይ ከባድ ነገር ያለበትን ልጅ ሰው ቢያንስ ያዝንለታል፣ ቀላል ያለበት ላይ ግን ይሾፋል፣ ሹፈት ደግሞ መቼ እንደሚመጣ ስለማይታወቅ ቀኑን ሙሉ ተጠንቅቆ መዋል ነው። (ከንፈሩ ተሰንጥቆ የተወለደ ልጅ ይቀለዋል ማለቴ አይደለም እሺ፣ ቢሰፋለትም ጠባሳው አለ፣ አንዳንዱ ድምፁም በአፍንጫው ይወጣል፣ የሰው ዓይን ደግሞ አይለቀውም።)

ሐኪሞች ብሬስ (ጥርስ ላይ የሚታሰረው ማስተካከያ ብረት) ያስፈልጋል አያስፈልግም የሚሉበት አይኦቲኤን የሚባል መለኪያ አላቸው፣ በፈረንጆቹ 1989 እንግሊዝ የወጣ። የላይኛው ጥርስ ከታችኛው ከ6 ሚሊሜትር በላይ ቀድሞ ከወጣ ህክምና ያስፈልገዋል ይላል፣ ከ9 ካለፈ ደግሞ የመጨረሻው ደረጃ ነው። 10 ፎቶ ተደርድሮ ያንተ የትኛውን ይመስላል የሚባልበት ክፍልም አለው። ማን ቀድሞ ይታከም ብሎ ወረፋ ለማስያዝ ጥሩ ነው፣ ግን 3 ሚሊ ሆኖ ትምህርት ቤት መሄድ ያስጠላው ልጅ በሱ ሲለካ ደህና ነው።

እኔ ብሬስ አሰርኩ፣ ጥርሴ ተስተካከለ፣ ስስቅ ግን እጄ አሁንም ይነሳል። ብረቱ ያስተካከለው ጥርሱን ነው እንጂ የለመደውን እጅ አይደለም።

ለዛ ነው ዛሬ የእህቴ ልጅ "ጥርሴን ጠላሁት" ስትለኝ ቆንጆ ነሽ ምናምን ያላልኳት። ማን ምን አለሽ ብዬ ጠየቅኳት። መጀመሪያ ማንም አለች፣ ዝም ብዬ ስጠብቃት የልጁን ስም ነገረችኝ፣ ያወጣላትን ቅጽል ስምም ጭምር። ነገ ከእናቷ ጋር ሄደን አስተማሪዋን እናናግራለን።